ታህቱ ያልታወቀ ክፍልፋይ፦ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ አካባቢ የዘላቂ ልማት ግስጋሴን የመለካት ጥያቄ

አጽሕሮተ ጥናት

ከተሞች ወደ ዘላቂ ልማት መገስገሳቸውንና ስማርት መሆናቸውን ለማሳየት የሚያቀርቡት ማስረጃ በአብዛኛው ክፍልፋይ ነው፤ ውኃ ለነፍስ ወከፍ፣ የተገነባ መሬት ለነፍስ ወከፍ፣ ለቅርስ ጥበቃ የወጣ ገንዘብ ለነፍስ ወከፍ። አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች የክፍልፋዩን ላዕል፣ ማለትም ከመሥመሩ በላይ ያለውን ቁጥር፣ በየሰዓቱ ማንበብ አስችለዋል። ታህቱ ግን በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ላይ ቆሟል። ይህ ጽሑፍ የጎንደርን ከተማና አጎራባች ደጋማ ወረዳዎችን በማሳያነት በመውሰድ፣ የልማት መለኪያዎች እውነተኛነት በቅድሚያ የሚወሰነው በሦስት ታህቶች፣ ማለትም በሕዝብ ብዛት፣ በከተማ ወሰንና በተፋሰስ መሆኑን ያሳያል። በዳባት ወረዳ ለረጅም ጊዜ ሲካሄድ የቆየው የሥነ ሕዝብና ጤና ክትትል ለከተማዋ ሊሰጥ የሚችለውን ትምህርት ይመረምራል፤ በመጨረሻም በአነስተኛ ወጪ ሊተገበር የሚችል የአሠራር ሐሳብ ያቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ ዘላቂ ልማት፣ ስማርት ከተማ፣ አመልካች፣ የሕዝብ ቆጠራ፣ ተፋሰስ፣ ጎንደር፣ ዳባት

1. መግቢያ

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ያጸደቋቸው የዘላቂ ልማት ግቦች 17 ግቦችንና 169 ዒላማዎችን ይዘዋል። ከእነዚህ አስራ አንደኛው ግብ ከተሞችን ሁሉን አካታች፣ ደኅንነታቸው የተጠበቀ፣ ችግርን የሚቋቋሙና ዘላቂ ማድረግን ይመለከታል። ግቦቹ ለአገሮች የተቀረጹ ቢሆኑም ውኃ የሚያድለው፣ ቆሻሻ የሚያነሣው፣ መሬት የሚሸነሽነው የከተማ አስተዳደር ነው። በዚህም ምክንያት የመለካቱ ሥራ ከአገር አቀፍ መሥሪያ ቤቶች ወደ ከተሞች እየወረደ መጥቷል። የኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2018 የራሷን የበጎ ፈቃድ የግምገማ ሪፖርት ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ካቀረበች ወዲህ በርካታ ከተሞች ተመሳሳይ ሪፖርት አዘጋጅተዋል።

በዚያው ዘመን የስማርት ከተማ አስተሳሰብ በኢትዮጵያም ሥር መስደድ ጀምሯል። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ፣ የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጎንደርን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች የተስፋፋው የኮሪደር ልማት፣ ሁሉም ከተማን በመረጃ የማስተዳደር ተስፋን ይዘዋል። ተስፋው መሠረት የሌለው አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ቀድሞ መመለስ ይኖርበታል፦ ከተማዋ ተሻሽላለች ሲባል፣ መሻሻሉ የተሰላው ለስንት ሰው፣ በየትኛው ወሰን ውስጥና ከማን በመጣ ሀብት ነው?

ጎንደር ለዚህ ጥያቄ የተመቸች ማሳያ ናት። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ፋሲለደስ የመንግሥት መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የፋሲል ግቢን በመካከሏ ይዛ፣ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከልና ዙሪያ ተንሰራፍታ ትገኛለች። ሕዝቧ በፍጥነት እያደገ ነው፤ ውኃዋ ከዙሪያዋ ከፍታዎች ይወርዳል፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ጦርነትና ግጭት ያፈናቀላቸውን ሰዎች ተቀብላለች። ስለዚህ በእርሷ የሚታየው የልኬት ችግር በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞችም የሚያጋጥም ነው።

2. የአመልካቾቹ አወቃቀር

ከተሞችን ለመለካት በሥራ ላይ ከዋሉ ማዕቀፎች መካከል ሦስቱ ይበልጥ ይታወቃሉ። የመጀመሪያው የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት፣ አይኤስኦ፣ ማዕቀፍ ነው። የከተማ አገልግሎትንና የኑሮ ጥራትን የሚመለከተው አይኤስኦ 37120 እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቶ በ2018 ተሻሽሏል፤ ስማርት ከተሞችን የሚመለከተው አይኤስኦ 37122 ደግሞ በ2019 ወጥቷል። ሁለተኛው የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2016 በጀመሩት ጥምረት የተዘጋጀው ሲሆን፣ ከተማን በኢኮኖሚ፣ በአካባቢ እንዲሁም በማኅበረሰብና ባህል ዘርፎች ይመዝናል። ሦስተኛው የአስራ አንደኛው ግብ የራሱ አመልካቾች ናቸው።

የእነዚህ ማዕቀፎች አመልካቾች በስም ቢለያዩም በአወቃቀር ይመሳሰላሉ። ጥቂቶቹ የአንድን ነገር መኖር አለመኖር ይመዘግባሉ፤ አብዛኞቹ ግን ክፍልፋይ ናቸው። በአይኤስኦ 37122 ውስጥ የሚገኘው የስማርት ውኃ ቆጣሪ ያላቸው ሕንፃዎች ድርሻ እንኳ በከተማዋ ያሉት ሕንፃዎች በሙሉ ካልታወቁ ሊሰላ አይችልም። የግብ 11 አመልካች 11.4.1 ለቅርስ ጥበቃ የወጣውን ገንዘብ በነዋሪ ብዛት ያካፍላል። አመልካች 11.3.1 የመሬት ፍጆታን የዕድገት መጠን በሕዝብ የዕድገት መጠን ያካፍላል። ላዕሉ በሴንሰር፣ በሳተላይት ወይም በሒሳብ መዝገብ ሊነበብ ይችላል፤ ታህቱ ግን ሰው ቤት ለቤት ሄዶ ካልቆጠረው በግምት ይሞላል።

በኢትዮጵያ ከተማን በአመልካች መመዘን እንግዳ አሠራር አይደለም። በዓለም ባንክ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው የከተሞች አካባቢ አስተዳደር ልማት ፕሮግራም በሁለተኛው ምዕራፉ 44 ከተሞችን፣ እርሱን የተካው የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ፕሮግራም ደግሞ 117 ከተሞችን አቅፏል፤ ጎንደርም ከእነዚህ አንዷ ናት። በፕሮግራሞቹ ከተሞች በየዓመቱ ይመዘኑ ነበር፤ የሚለቀቅላቸውም ገንዘብ ከውጤታቸው ጋር የተያያዘ ነበር። ይህ አሠራር የዕቅድ፣ የግዥና የኦዲት ሥርዓትን ለማጠናከር ረድቷል። ከዚያው ጋር መለኪያ የገንዘብ መልቀቂያ ሲሆን ምን ዓይነት ጫና እንደሚከተል የሚያስተምር አገራዊ ተሞክሮም ነው፤ ጽሑፉ በክፍል 3 መጨረሻ ወደዚህ ነጥብ ይመለሳል።

3. የመጀመሪያው ታህት፦ ሕዝብ

በኢትዮጵያ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. እንዲካሄድ ታቅዶ በተደጋጋሚ ተላልፏል። በመሆኑም ከዚያ ወዲህ የሚነገር የከተማ ሕዝብ ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ የጎንደር ሕዝብ 112,249 ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 207,044 ሆኗል። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ያለፉት 12 ዓመት ከ7 ወር ሲታሰቡ፣ የከተማዋ ወሰን አንድ ነበር ተብሎ ከተወሰደ ዓመታዊው ዕድገት 4.9 በመቶ ገደማ ይደርሳል።

ከ1999 ዓ.ም. በኋላ ያለው ዕድገት ምን ያህል ነው? ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የልማት ውጤቱን ይወስናል። የሚከተለው ሠንጠረዥ ሦስት የዕድገት ግምቶችን ለ18 ዓመታት በመተግበር፣ በቀን 20,000 ሜትር ኩብ ውኃ ለከተማዋ ቢሠራጭ ለአንድ ሰው የሚደርሰውን መጠን ያሳያል። የውኃው መጠን ለስሌቱ ማሳያ ብቻ የተመረጠ እንጂ የከተማዋ ትክክለኛ ሥርጭት አይደለም። ለማነጻጸሪያ የተወሰደው፣ በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ100,000 እስከ 1 ሚሊዮን ሕዝብ ላላቸው ከተሞች የተቀመጠው በቀን 80 ሊትር ለነፍስ ወከፍ ነው።

ሠንጠረዥ 1፦ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ግምትና የነፍስ ወከፍ ውኃ (ማሳያ ስሌት)

| ዓመታዊ ዕድገት | የሕዝብ ግምት | ሊትር በነፍስ ወከፍ በቀን | ከ80 ሊትር አንጻር |
|---|---|---|---|
| 3 በመቶ | 355,000 | 56 | 70 በመቶ |
| 4 በመቶ | 425,000 | 47 | 59 በመቶ |
| 4.9 በመቶ | 500,000 | 40 | 50 በመቶ |

በሦስቱም ረድፎች የፈሰሰው ውኃ አንድ ነው። የሚለያየው የትንበያው ታህት ብቻ ነው። በዝቅተኛውና በከፍተኛው ግምት መካከል ያለው የ145,000 ሰው ልዩነት አንድ መካከለኛ ከተማ የሚያህል ሕዝብ ነው። በዋናው ማሠራጫ መሥመር ላይ የተተከለ እጅግ የረቀቀ ቆጣሪ የላዕሉን ስህተት ወደ አንድ በመቶ ሊያወርደው ይችላል፤ ከታህቱ የሚመጣውን ስህተት ግን አይነካውም።

ችግሩ የቁጥር ማነስና መብዛት ብቻ አይደለም፤ የሚረሱት ሰዎች ተመሳሳይ አለመሆናቸው ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ አከራዩ፣ በየክፍሉ ያሉ ተከራዮችና ደባሎች በአንድ የውኃ ቆጣሪ ይጠቀማሉ። የውኃ አገልግሎቱ መዝገብ ይህን እንደ አንድ ደንበኛ ያየዋል። በከተማዋ ጠርዝ በጨረቃ ቤት የሚኖረው ቤተሰብ ቆጣሪም፣ የቤት ቁጥርም ላይኖረው ይችላል። ተፈናቅሎ በዘመድ ቤት የተጠጋው ደግሞ በየትኛውም የቀበሌ መዝገብ ላይ ላይገኝ ይችላል። ውኃ በጀሪካን ገዝተው የሚጠጡት እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ ያልተቆጠረው ሰው በአብዛኛው አገልግሎት ያልደረሰው ሰው ነው፤ ከታህቱ ሲወጣ አማካዩ ከፍ ይላል፤ ከተማዋም ድሃዎቿን በመርሳቷ የተሻሻለች ትመስላለች።

የውጤት ምዘና ከገንዘብ ጋር ሲያያዝ የሚፈጠረው ጫና ከዚህ ይነሣል። አንድ ከተማ ለዓመታት 355,000 በሚል ታህት ሲሠራ ቆይቶ፣ በቅን ልቦና ቆጥሮ 425,000 ነዋሪ ቢያገኝ፣ ከአንድም ቧንቧ አንድ ጠብታ ሳይጎድል የነፍስ ወከፍ ውኃው በ16 በመቶ ይወርዳል። ሪፖርቱን ያነበበ ሁሉ ከተማው ወደ ኋላ እንደተመለሰ ይረዳል። እንዲህ ባለ ሥርዓት ትክክለኛ ቆጠራ ያስቀጣል፤ አለመቁጠር ያስሸልማል። ይህን ጫና በተቆጣጣሪ ብዛት ማስወገድ አይቻልም፤ የሪፖርቱ ቅርጽ ራሱ መለወጥ አለበት።

4. ሁለተኛው ታህት፦ ወሰን

የቆጠራ እጥረትን በሳተላይት ምስል ለመሙላት የሚደረገው ጥረት ሰፊ ጥቅም አለው። የላንድሳት ምስሎች ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የሴንቲነል 2 ምስሎች ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ያለ ክፍያ ይገኛሉ፤ ጎንደር ወደ አዘዞና ወደ ሌሎች ጠርዞቿ የሰፋችበትን መጠን በእነርሱ መከታተል ይቻላል። ይሁን እንጂ ሕዝብን በካሬ አድርገው የሚያሳዩ ዓለም አቀፍ የሥርጭት ካርታዎች አብዛኞቹ የሚዘጋጁት የቆጠራ ትንበያን ወስደው በተገነባው ቦታ ላይ በማከፋፈል ነው። ተመራማሪው የተገነባውን መሬት ከሳተላይት፣ ሕዝቡን ከእንዲህ ዓይነት ካርታ ወስዶ አመልካች 11.3.1ን ቢያሰላ፣ ላዕልና ታህቱ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ይሆናሉ። ውጤቱ የከተማዋን ሁኔታ ሳይሆን የካርታውን አሠራር መልሶ ያሳያል።

የዚህ አመልካች ስሜታዊነትም ልብ ሊባል ይገባል። ለምሳሌ የተገነባው መሬት በዓመት 6 በመቶ ቢያድግና ሕዝቡ በ3 በመቶ ቢያድግ፣ ውጤቱ 2 ይሆናል፤ ከተማዋ መሬት አባካኝ ተብላ ትፈረጃለች። ሕዝቡ በ4.9 በመቶ አድጎ ከሆነ ውጤቱ ወደ 1.2 ይወርዳል፤ ያው መስፋፋት ከሕዝቡ ዕድገት ጋር የተቀራረበ ይባላል። ከአንደኛው ድምዳሜ የሚመነጨው ፖሊሲ መስፋፋትን መግታት፣ ከሁለተኛው የሚመነጨው ደግሞ መሠረተ ልማትን ወደ ጠርዝ ማድረስ ነው። በከተማዋ ዙሪያ የሚያርሰው ገበሬና ቤት ፈላጊው ነዋሪ ዕጣቸው በዚህ ልዩነት ላይ ይንጠለጠላል።

የአስተዳደር ወሰንም ራሱ ይንቀሳቀሳል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 2,929,628 ሕዝብ የተመዘገበበት የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን በ2010 ዓ.ም. አካባቢ ሰሜን፣ ማዕከላዊና ምዕራብ ጎንደር በሚል ተከፍሏል። የዛሬው ሰሜን ጎንደር መቀመጫው ደባርቅ ሲሆን ከቀድሞው ዞን አንድ ክፍል ብቻ ነው። ስሙ አንድ ሆኖ ይዘቱ ስለተለወጠ፣ የሁለቱን ዘመን አኃዞች በቀጥታ የሚያነጻጽር ተማሪ በወረቀት ላይ ብዙ ሕዝብ የጠፋበት ዞን ያገኛል። ተከታታይ የጊዜ መረጃን ለመሥራት መነሻው ዞን ሳይሆን ወረዳና ቀበሌ ሊሆን ይገባል፤ እነርሱም ቢሆኑ በየጊዜው የተከፈሉትንና የተቀላቀሉትን በማመሳከር ብቻ።

የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2020 የተቀበለው የከተሜነት ደረጃ አለካክ ለዚህ አንድ መውጫ ይሰጣል። በዚህ አለካክ ከተማ የሚባለው በካሬ ኪሎ ሜትር ቢያንስ 1,500 ሰው የሚኖርበት፣ በአጠቃላይ 50,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ያለው ተያያዥ ሰፈራ ነው። የአስተዳደር ወሰን ቢለዋወጥም ትርጉሙ አይለወጥም። ሆኖም እርሱም የሕዝብ ጥግግትን ስለሚጠይቅ ተመራማሪውን ወደ መጀመሪያው ታህት ይመልሰዋል።

5. ሦስተኛው ታህት፦ ተፋሰስ

የአንድ ከተማ ዘላቂነት በወሰኗ ውስጥ ብቻ አይለካም። የጎንደር ዋነኛ የውኃ ምንጭ ሆኖ የቆየው በአንገረብ ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብ ነው። አንገረብም ቀሃም ወደ መገጭ፣ መገጭም ወደ ጣና ይፈስሳሉ። ግድቡ የሚቀበለው ውኃ ብቻ አይደለም፤ ከታረሱ ተዳፋት ማሳዎችና ከተራቆቱ ኮረብታዎች የሚታጠበው አፈር ደለል ሆኖ መያዣውን እንደሚሞላ፣ የመያዝ አቅሙንም እንደሚቀንስ በአካባቢው የተካሄዱ ጥናቶች ያመለክታሉ። በመገጭ ወንዝ ላይ ለመስኖና ለከተማዋ መጠጥ ውኃ ታስቦ የተጀመረው ግድብ ግንባታም ለረጅም ዓመታት ተጓትቷል።

በዚህ ሁኔታ የከተማዋ ቧንቧ ላይ ያለ ሴንሰር የዛሬውን ግፊትና ፍሰት ያሳያል፤ የዛሬ አሥር ዓመት ውኃ መኖር አለመኖሩን የሚነግረው ግን የተፋሰሱ አፈር ነው። የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ በየዓመቱ በበጋ ወራት በሕዝብ ተሳትፎ ይካሄዳል፤ ሪፖርት የሚደረገውም በተሠራ የእርከን ኪሎ ሜትርና በተሰለፈ የሰው ኃይል ነው። እነዚህ የድካም መለኪያዎች ናቸው። የውጤቱ መለኪያ በግድቡ ወለል ላይ የተከማቸው ደለል ሲሆን፣ በጀልባ ላይ ሆኖ የውኃውን ጥልቀት በየተወሰነ ዓመት በመለካት ሊታወቅ ይችላል። በአንድ ሪፖርት ውስጥ የእርከኑ ርዝመት፣ የደለሉ መጠንና የከተማዋ ነፍስ ወከፍ ውኃ ጎን ለጎን ካልቀረቡ፣ ገበሬው በላቡ የሚከፍለውና ከተሜው የሚጠቀመው ነገር ትስስሩ አይታይም።

ወሰን ተሻጋሪነቱ በውኃ ብቻ አይወሰንም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ በ2017 ከዝርዝሩ ወጣ። ለመውጣቱ መመዘኛ ሆነው ከቀረቡት መካከል የዋልያና የቀይ ቀበሮ ሁኔታ፣ በፓርኩ ውስጥ ያለው የእርሻና የግጦሽ ጫና መቀነስ ይገኙበታል። ከዚሁ ጋር በተያያዘ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛውረዋል። በፓርኩ መመዘኛ ይህ ግስጋሴ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በደባርቅ በኩል ግን አዲስ መኖሪያ፣ ውኃና መተዳደሪያ የሚሹ ቤተሰቦች ተጨምረዋል። ጫናው አልጠፋም፤ ከአንድ መለኪያ ወደ ሌላ መለኪያ ተሻገረ እንጂ። ሁለቱን አካባቢዎች በአንድነት ያልመዘነ ሪፖርት የአንዱን ትርፍ ብቻ ይነግራል።

6. የዳባት ትምህርት

ከጎንደር በስተሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በዳባት ወረዳ፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሥነ ሕዝብና ጤና ክትትል ሲካሄድ ቆይቷል። ክትትሉን የሚመራው በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። በኢትዮጵያ የዚህ ዓይነት ክትትል ቀዳሚ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው የቡታጅራው ነው።

አሠራሩ ቀላልና ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነው። በመጀመሪያ በተመረጡ ቀበሌዎች ያሉ ቤተሰቦች በሙሉ ይቆጠራሉ፤ ለቤቱና ለሰዎቹ መለያ ቁጥር ይሰጣል። ከዚያ በኋላ መረጃ ሰብሳቢዎች በየተወሰነ ጊዜ እየተመላለሱ አራት ነገሮችን ይመዘግባሉ፦ ልደት፣ ሞት፣ መጥቶ መስፈርና ለቆ መሄድ። የዛሬው ሕዝብ የቀድሞው ሕዝብ ሲደመር የተወለዱና የመጡ፣ ሲቀነስ የሞቱና የሄዱ ይሆናል። ሞት ሲያጋጥም ቤተሰቡን በመጠየቅ የሞቱ ምክንያት ይጠናል። በዚህ መንገድ ታህቱ ሁልጊዜ ሕያው ሆኖ ይቆያል።

ከዚህ ያልተጠበቀ ተቃርኖ ይወጣል። ስማርት የመባል ዕቅድ የሌላቸው የዳባት ክትትል ቀበሌዎች የነዋሪያቸውን ቁጥር ከጎንደር ከተማ ይልቅ በተሻለ እርግጠኝነት ሊናገሩ ይችላሉ። ልዩነቱን ያመጣው መሣሪያው አይደለም፤ ተመላልሶ መጠየቅን ሥራዬ ብሎ የያዘ ተቋም መኖሩ ነው።

የዳባት አሠራር እንዳለ ወደ ከተማ ሊገለበጥ ግን አይችልም። በከተማ ተከራይ ቶሎ ቶሎ ቤት ይለውጣል፤ በር የሚከፍት ሰው በሥራ ሰዓት አይገኝም፤ የጥምቀት በዓል በደረሰ ጊዜ ደግሞ ከተማዋ ከነዋሪዋ ሌላ እጅግ ብዙ እንግዳ ታስተናግዳለች። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው የጥምቀት በዓል፣ ነዋሪን ብቻ የሚቆጥር ታህት ለቆሻሻ አወጋገድና ለውኃ አገልግሎት እንደማይበቃ በየዓመቱ ያሳያል። የዲጂታል መንገዶችም የራሳቸው ገደብ አላቸው። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ የኢንተርኔት አገልግሎት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ እንደታየው፣ በተንቀሳቃሽ ስልክ መረጃ ላይ ብቻ የቆመ ልኬት ሕዝቡ ይበልጥ በሚንቀሳቀስበት ቀውስ ወቅት ይታወራል።

7. የአሠራር ሐሳብ

ከላይ ከተነሡት ነጥቦች አራት ተያያዥ እርምጃዎች ይመነጫሉ።

የመጀመሪያው የናሙና ቀጠናዎችን መምረጥ ነው። ከመሐል ከተማ፣ ከኪራይ ቤቶች ሰፈር፣ ከአዳዲስ ማስፋፊያዎችና ከጨረቃ ቤቶች ሰፈር በዕጣ የተመረጡ ጥቂት ቀጠናዎች በዳባት ሥርዓት በዓመት ሁለት ጊዜ ቢጎበኙ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ስንት ሰው፣ በአንድ ውኃ ቆጣሪ ስንት ቤተሰብ እንደሚኖር ይታወቃል። እነዚህን አማካዮች ከሳተላይት ከተቆጠሩት ጣሪያዎችና ከውኃ አገልግሎት ደንበኞች መዝገብ ጋር በማዛመድ የከተማዋን ሕዝብ በሁለት የተለያዩ መንገዶች መገመት ይቻላል። ሁለቱ ግምቶች ቢቀራረቡ እምነት ይጨምራል፤ ቢራራቁ ደግሞ የት ቦታ ተጨማሪ ቆጠራ እንደሚያስፈልግ ይጠቁማሉ። ለዩኒቨርሲቲው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም ሥራው ቋሚ የመስክ ትምህርት ይሆናል።

ሁለተኛው ነባር መዝገቦችን ማገናኘት ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሚካሄደው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ፣ በአዋጅ ቁጥር 818/2006 የተደነገገው የከተማ ይዞታ ምዝገባ፣ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ዲጂታል መታወቂያ እያንዳንዳቸው የእውነታውን አንድ ገጽ ይይዛሉ። የመጀመሪያው ልደትና ሞትን፣ ሁለተኛው ይዞታን፣ ሦስተኛው ሰውን ይመዘግባል። አንዳቸውም ብቻቸውን ቆጠራን አይተኩም፤ ባለይዞታ ያልሆነ ተከራይ በሁለተኛው ላይ አይታይም፤ መታወቂያ የያዘ ሰው ወደ ሌላ ከተማ ቢሄድ በሦስተኛው ላይ ለውጡ ወዲያው ላይታወቅ ይችላል። ማገናኘቱ በቀጠና ደረጃ በተጠቃለለ አኃዝ እንጂ በግለሰብ ስም መሆን የለበትም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይህን ጥንቃቄ በሕግ ያስገድዳል፤ ከሕጉም ባሻገር፣ መመዝገብ ከቤቱ ያስነሣኛል ብሎ የሚሰጋ ነዋሪ ለቆጣሪ በሩን አይከፍትም።

ሦስተኛው የሪፖርቱን ቅርጽ መለወጥ ነው። የነፍስ ወከፍ አመልካች በአንድ ቁጥር ሳይሆን በግምት ወሰን ይቅረብ፤ ለምሳሌ 47 ሊትር ከማለት ይልቅ ከ40 እስከ 56 ሊትር ይባል። ለውጡም ለሁለት ተከፍሎ ይታይ፦ ከአገልግሎቱ የመጣውና ከታህቱ የመጣው። የውኃ ሥርጭቱ በዓመት 6 በመቶ፣ ሕዝቡ 4 በመቶ ቢያድግ፣ የነፍስ ወከፍ ዕድገቱ 2 በመቶ ገደማ ነው። አዲስ ቆጠራ ታህቱን ከለወጠው ያለፉት ዓመታት አኃዞችም በአዲሱ ታህት ተስልተው አብረው ይቅረቡ። እንዲህ ሲሆን በቅንነት የቆጠረ ከተማ ወደ ኋላ የተመለሰ አይመስልም፤ በክፍል 3 የተነሣው ያልተገባ ቅጣትም ይወገዳል።

አራተኛው ከተማንና ደጋን በአንድ ሰሌዳ ላይ ማድረግ ነው። ለጎንደር የሚዘጋጅ የልማት መለኪያ ቢያንስ ሦስት የደጋ አኃዞችን ሊይዝ ይገባል፦ በአንገረብ ግድብ የተከማቸውን ደለል፣ በተፋሰሱ የተሠራውን እርከን ከነይዞታው ሁኔታ፣ እንዲሁም ከገጠር ወረዳዎች ወደ ከተማዋ የሚገባውን ሕዝብ። የመጨረሻውን በተመለከተ የዳባት ክትትል ለቀው የሄዱትን ስለሚመዘግብ፣ በከተማዋ የናሙና ቀጠናዎች ከሚመዘገቡት መጪዎች ጋር ሊነጻጸር ይችላል። በአንድ በኩል የወጣው በሌላው በኩል ሲገባ የሚታይበት ዕድል በጥቂት የኢትዮጵያ አካባቢዎች ብቻ የሚገኝ ነው።

8. መደምደሚያ

የስማርት ከተማ አስተሳሰብ የከተማን አገልግሎት ፈጥኖ ለማየትና ፈጥኖ ለማረም ያስችላል። ይሁን እንጂ ፈጥኖ የሚነበብ ላዕል በቆየ ታህት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ትክክለኛ መስሎ የሚያሳስት ቁጥር ነው። በጎንደር ማሳያነት እንደታየው፣ የሕዝብ ግምቱ ብቻ የነፍስ ወከፍ ውኃን ከ80 ሊትሩ መለኪያ ከ70 ወደ 50 በመቶ ሊያወርድ፣ የመሬት አጠቃቀም ፍርድን ከአባካኝ ወደ ተመጣጣኝ ሊለውጥ ይችላል። በዚህ ልዩነት ውስጥ የሚጠፉት በአመዛኙ ተከራዮች፣ ተፈናቃዮችና የጠርዝ ነዋሪዎች ናቸው። የከተማዋ ውኃ የሚመነጭበት ተፋሰስም ከከተማዋ ሪፖርት ውጭ ይቀራል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ዕውቀት ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። በዳባት ደጋ ላይ ቤት ለቤት በመመላለስ የተገነባው ልምድ፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ አማካይነት፣ ወደ ከተማዋ ሊወርድ ይችላል። ቀጣይ ጥናቶች በሁለት ጉዳዮች ላይ ቢያተኩሩ ይጠቅማል፦ በከተማዋ የተለያዩ ሰፈሮች በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀመውን የሰው ብዛት በናሙና ማረጋገጥ፣ እንዲሁም የአንገረብን ግድብ የደለል ክምችት በተከታታይ መለካት። ሁለቱም ብዙ መሣሪያ አይጠይቁም። ሁለቱ ሲሟሉ ጎንደር ስለ ግስጋሴዋ የምትናገረው ቁጥር ለማን እንደደረሰና እስከ መቼ እንደሚዘልቅ አብሮ የሚናገር ይሆናል።